አሳታሚዎች ደጋግመው የመለሱትን ልብ ወለድ ምን ላድርገው?

የለገሃር ልጅ (ድሬዳዋ)

ሰላም ለዚህ ቤት። ጥያቄዬ በአርትዖት፣ በኅትመትና በመጻሕፍት ሽያጭ ሥራ ውስጥ ላላችሁ ነው።

ረቂቁ 128,000 ቃል ገደማ ነው። ታሪኩ በምድር ባቡር ሠራተኞች ቤተሰብ ላይ ያጠነጥናል፤ ከዚራ በሚባለው የድሬዳዋ ሠፈር ይጀምርና ከተማዋን በመታው የ1998ቱ የደቻቱ ጎርፍ ላይ ያልቃል። አዲስ አበባ ላሉ አሳታሚዎች በኢሜይልም በእጅም ደርሷል። መልስ ከሰጡት የሚበዙት «ጥሩ ነው፣ ግን በአሁኑ ሰዓት አንችልም» ያሉ ናቸው። አንዱ «ረዝሟል» አለ። ሌላው «ንግግሩ ለአዲስ አበባ አንባቢ ይከብዳል» አለ። አንደኛው የኅትመቱን ግማሽ ወጪ ከቻልሽ አትመዋለሁ ብሏል። የቀሩት ድምፃቸው የለም።

እነዚህን መልሶች እንዴት ነው የማነባቸው? የትኛውን ሰምቼ ላርም፣ የትኛውን ልለፈው? አዲስ አበባ ድረስ መሄዱስ ይረዳል? ደግሞም እውነቱን ለመናገር፣ እምቢታ በመጣ ቁጥር ለሳምንታት ብዕር ማንሳት ያቅታል። ይህን የሚያውቅ ምን ያደርጋል?

ብዕረ ከዚራ

እህቴ፣ ረቂቁን ከመንካትሽ በፊት መልሶቹን ለይያቸው። ስለ ጽሑፉ የሚናገር መልስ አለ፤ ስለ አሳታሚው ኪስ የሚናገር አለ፤ ምንም የማይናገር አለ። ብዙ ጀማሪ ደራሲ የሚጎዳው ሦስቱንም «ጽሑፌ መጥፎ ነው» ብሎ ስለሚሰማቸው ነው።

«ጥሩ ነው፣ ግን በአሁኑ ሰዓት አንችልም» የኪስ መልስ ነው። ወረቀቱ፣ ቀለሙ፣ ፕሌቱ (ገጹ የሚቀረጽበት የማተሚያ ሰሌዳ) ከውጭ የሚገባ ነው፤ የዶላር ዋጋ ሲነሳ የመጽሐፍ ማሳተሚያም አብሮ ይነሳል። ስሙ ያልታወቀ ደራሲ ወፍራም መጽሐፍ ሲያመጣ አሳታሚው የሚያስበው ገንዘቤ መጋዘን ውስጥ ስንት ጊዜ ይታሰራል ብሎ ነው። ይህን መልስ ይዘሽ አንድ ዓረፍተ ነገር እንኳ እንዳታርሚ፤ ምን መታረም እንዳለበት አልነገረሽምና። «ረዝሟል» ግን ሁለት ፊት አለው። ወይ ታሪኩ ይንዛዛል ማለት ነው፣ ወይ ገጹ በዝቶ ወጪው ከበደ ማለት ነው። የትኛው እንደሆነ በአንድ መስመር መጠየቅ ነውር የለውም፦ «የረዘመው ትረካው ነው ወይስ የገጹ ብዛት? የቱ ክፍል ላይ ዘገየብዎ?»

መዝገብ ያዢ። ደብተርም ይሁን ኤክሴል፣ አምስት ዓምድ ይበቃል፦ ቀን፣ ለማን፣ የትኛው የረቂቅ ቅጂ፣ ምን ተላከ (ሙሉው ወይስ ናሙና ምዕራፍ)፣ መልሱ በራሳቸው ቃል። በራሳቸው ቃል ያልኩት ሆነ ብዬ ነው። ከወር በኋላ የምናስታውሰው የተባልነውን ሳይሆን ያመመንን ነው። እርስ በርስ የማይተዋወቁ ሦስት አንባቢዎች ያንኑ ቦታ ከጠቆሙ ቦታው ችግር አለበት፤ የሰጡት መፍትሔ ግን ልክ ላይሆን ይችላል። ሦስቱ ሦስት የተለያየ ነገር ካሉ ጣዕማቸው ነውና እለፊው።

ዝም ያሉትን በተመለከተ፣ ሦስት ወር ጠብቂ፤ ከዚያ ሁለት መስመር ማስታወሻ ላኪ፤ ከዚያ በኋላ አንድ ወር ካለፈ በመዝገቡ ላይ «ተዘግቷል» ብለሽ ጻፊ። እየጠበቅሽ ለሌሎች መላክ ትችያለሽ፤ አንዱ ሲቀበል ለቀሩት በዚያው ቀን ማሳወቅ ግን ግዴታ ነው።

ደግሞ ፋይሉ ተከፍቶ መነበቡን እርግጠኛ ነሽ? ዩኒኮድ (ፊደልን በማንኛውም ኮምፒውተር አንድ ዓይነት የሚያሳየው አሠራር) ባልሆኑ በቆዩ የግዕዝ ፎንቶች የተጻፈ ረቂቅ ያ ፎንት በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት ድብልቅልቅ ሆኖ ይታያል። ሥራ የበዛበት ሰው ደውሎ «አልተከፈተልኝም» አይልሽም፤ ይዘጋዋል። ለመፈተን አንድ አንቀጽ ኮፒ አድርገሽ ቴሌግራም ላይ ለጥፊ። በግዕዝ ፊደል ከታየ ዩኒኮድ ነው። ካልሆነ በመቀየሪያ ፕሮግራም ቀይረሽ ገጽ በገጽ አንብቢው፤ ሲቀየር የሚጠፉ ፊደላት አሉ። ሲላክ በኒያላ ወይም በአቢሲኒካ ፎንት፣ 12 ነጥብ፣ በመስመር መካከል አንድ ተኩል ክፍተት፣ የገጽ ቁጥር ያለው። ወርዱንም ፒዲኤፉንም አብረሽ አያይዢ።

ፊደል ላይም ወጥ ሁኚ። «ሥራ» ካልሽ እስከ መጨረሻው «ሥራ»፣ «ፀሐይ» ካልሽ «ፀሐይ»። ይህን በኮምፒውተሩ «ሁሉንም ተካ» ፊደሉን ብቻ ሰጥተሽ አትሥሪው፤ ስሞችን ያበላሻል። የቃላት ዝርዝር አውጥተሽ ቃል በቃል ሂጂ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ አንዴ «ኃይል» አንዴ «ሀይል» ያየ አርታኢ ከፊቱ ብዙ ሥራ እንደሚጠብቀው ወዲያው ይገባዋል።

አሁን ወደ ጽሑፉ። አንድ አሳታሚ ቤት የመጀመሪያዎቹን አሥር ገጾች ካነበበልሽ ብዙ አነበበ። ድሬ ላይ የሚጀምር ልብ ወለድ ስለ ሙቀቱ፣ ስለ አሸዋውና ስለ ባቡሩ ጩኸት ሦስት ገጽ አውርቶ ሰው የሚመጣው አራተኛው ላይ ከሆነ፣ አራተኛው ላይ ጀምሪው። ታሪክ ማስተማሩም ይቆይ። ሐዲዱ ድሬዳዋ በ1895 መድረሱ፣ አዲስ አበባ ግን በ1909 መግባቱ አንባቢውን የሚነካው በአንድ ገጸ ባሕርይ ዕድሜ ላይ ሲያርፍ ነው፤ በመግቢያ ሲነገረው ይዘለዋል። ዓረፍተ ነገር ደረጃ ላይ ደግሞ እንዲህ ያለውን ፈልጊ፦

«እሷም በጣም ተናደደች፤ በንዴቷም የተነሳ ከተቀመጠችበት ብድግ ብላ በሩን በኃይል ዘጋችው።»

«ብድግ ብላ በሩን ወርውራ ዘጋችው።»

ንዴቱ በሩ ላይ አለ። ከመቶ ሃያ ስምንት ሺህ ቃል ውስጥ በዚህ ዓይነት ሥራ ብቻ ብዙ ሺህ ይወጣል። የቀረው የሚወጣው አንባቢው ያየውን ትዕይንት ገጸ ባሕርያት ቁጭ ብለው መልሰው ለሌላ ሰው ከሚያወሩበት ምዕራፍ ነው።

ቀለምና ወረቀት

ብዕረ ከዚራ ያለው ሁሉ ልክ ነው፤ እኔ የኪሱን ነገር በቁጥር ላሳይሽ፣ «ረዝሟል» ምን ማለት እንደሆነ እንዲገባሽ።

በኤ5 መጠን፣ በ11 ነጥብ ፊደል አንድ ገጽ 230 ቃል ገደማ ይይዛል እንበል። 128,000 ቃል ወደ 557 ገጽ ይሆናል። ማተሚያ ቤት በገጽ አያስብም፤ አንድ ትልቅ ወረቀት በሁለት ፊቱ ታትሞ ሲታጠፍ 16 ገጽ ይሰጣል፣ መጽሐፉም የሚቆጠረው በዚያ እጥፋት ነው። ስለዚህ 35 እጥፋት፣ 560 ገጽ። ረቂቁ ወደ 95,000 ቃል ቢወርድ 414 ገጽ፣ 26 እጥፋት ይሆናል። ልዩነቱ 9 እጥፋት ነው፤ 2,000 ቅጂ ሲታተም 18,000 ትልቅ ወረቀት፣ በ500 ሲካፈል 36 ሪም ማለት ነው። የሚበላሸውን ሳንጨምር። አሳታሚው «ረዝሟል» ሲል እነዚህ 36 ሪሞች ናቸው የሚታዩት። የፕሌቱም ቁጥር አብሮ ይቀንሳል፣ ጥረዛውም ይጠነክራል፤ በሙጫ ብቻ የተጠረዘ 560 ገጽ መጽሐፍ ጀርባው ቶሎ ይሰነጠቃል፣ በድሬ ሙቀት ደግሞ ይብሳል።

ስለዚህ ስትልኪ በሸኚ ደብዳቤው ላይ የቃሉን ብዛትና የሚገመተውን የኤ5 ገጽ ጻፊ። «420 ገጽ» ብቻ ማለት ትርጉም የለውም፣ የምን ወረቀት፣ የምን ፊደል? ደብዳቤው ከአንድ ገጽ አይለፍ፦ ርዕስ፣ የቃል ብዛት፣ ታሪኩ በሦስት ዓረፍተ ነገር፣ አንባቢው ማን እንደሆነ፣ ስልክ። ከእሱ ጋር የአንድ ገጽ ተኩል ማጠቃለያ አያይዢ፤ መጨረሻውንም ጨምረሽ። ብዙዎች «እንዳይሰረቅብኝ» ብለው መጨረሻውን ይደብቃሉ። አሳታሚ ገንዘቡን የሚያወጣበት ታሪክ እንዴት እንደሚያልቅ ማወቅ አለበት።

ስለ ስርቆት ከተነሳ፣ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሥራው ወጥ እስከሆነና በጽሑፍ እስከሰፈረ ድረስ ያለ ምንም ምዝገባ ይጠብቅሻል፤ ደራሲው በሕይወት እስካለና ከዚያም 50 ዓመት። የሚያስፈልግሽ ማስረጃ ነው። ረቂቁን ለራስሽ ኢሜይል ላኪው፣ ቀኑ ይመዘገባል። ለአሳታሚም ሲላክ በኢሜይል ይሁን፤ በእጅ ከሰጠሽ የተቀበለበትን ፊርማና ቀን በቅጂሽ ላይ አስፍሪ።

አዲስ አበባ መሄዱን በተመለከተ፣ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ረቂቅ ጸሐፊ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ መመለስ ገንዘብ ማባከን ነው። ሊያነጋግርሽ ቀጠሮ የሰጠ ሰው ሲኖር ሂጂ፤ ስትሄጂም አሳታሚ ብቻ ሳይሆን አከፋፋዮችን አነጋግሪ። ምን ዓይነት መጽሐፍ እያለቀባቸው እንደሆነ፣ ከስንት ገጽ በላይ ሲሆን ገዢ እንደሚሸሽ የሚያውቁት እነሱ ናቸው።

ፈረስ መጋላ (ሐረር)

ከመጻሕፍት መደርደሪያ በኩል ልጨምር።

«ንግግሩ ለአዲስ አበባ አንባቢ ይከብዳል» የተባለውን አትናቂው፣ አትደንግጪበትም። ድሬና ሐረር ውስጥ አንድ ሰው በአንድ ዓረፍተ ነገር አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማልኛ፣ ሐረሪ ያቀላቅላል፤ እውነቱ ያ ነው፤ ያን አጥፍተሽ ሁሉንም የፒያሳ ሰው ካደረግሻቸው መጽሐፉ የሚሸጥበትን አንዱን ምክንያት ገደልሽው። ሥራው መመጠኑ ላይ ነው። «ወርያ! ና እስቲ» ብሎ አንድ ሰው ልጅ ሲጠራ ትርጉም አያስፈልገውም፣ ሁኔታው ይናገራል። «አቦ ተወኝ»ን ያልሰማ ኢትዮጵያዊ የለም። የሚከብደው በአንድ መስመር ሦስት እንግዳ ቃል ሲደረደርና በግርጌ ማስታወሻ ሲፈታ ነው። ዓይን ወርዶ ሲመለስ ትረካው ይቆረጣል። አንድ እንግዳ ቃል በአንድ ንግግር፣ ሲደጋገምም ያው ቃል ይደጋገም፤ አንባቢው በሁለተኛው ምዕራፍ የራሱ ያደርገዋል።

ይህን የምትፈትኚው በማን ነው? እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። ረቂቅ በርጫ (ጫት የሚቃምበት ስብስብ) ላይ አይነበብም። አሥር ሰው ተሰብስቦ ምዕራፍ ሲነበብለት በምርቃና ሁሉም ያደንቃል፤ ጨብሲ (ከጫት በኋላ የሚጠጣው መጠጥ) ላይ ደግሞ ሁሉም ይረሳዋል። ለብቻው ቁጭ ብሎ የሚያነብ አምስት ሰው ፈልጊ፤ ሁለቱ ከምሥራቁ ውጭ ያደጉ፣ አንዱ ልብ ወለድ ብዙ የማያነብ ይሁን። ዘመድ ይቅር። ለእያንዳንዱ የታተመ ቅጂ ከእርሳስ ጋር ስጪና «ወደድከው?» ብለሽ አትጠይቂ። «የሰለቸህ ቦታ ላይ መስመር አስምር፣ ያልገባህ ቦታ ላይ ጥያቄ ምልክት አድርግ፣ ማንበብ ያቆምክበት ገጽ ላይ ቀን ጻፍ» በይ። አምስቱ ቅጂ ሲመለስ ጎን ለጎን ዘርጊው። ሦስት ሰው ማንበብ ያቆመበት ገጽ አሳታሚውም ያቆመበት ገጽ ሊሆን ይችላል።

ንጋት ላይ

ስለ ልቡ ነገር ማንም አልመለሰም፤ እሱም ሥራ ስለሆነ በሥራ ደረጃ ልመልስ።

እምቢታ ሲደርስ በዚያው ቀን የሚደረገው ሁለት ነገር ብቻ ነው፦ መዝገቡ ላይ መጻፍና «ስላነበቡልኝ አመሰግናለሁ» ብሎ በአንድ መስመር መመለስ። ክርክር አይጻፍ፣ ፌስቡክ ላይ አይለጠፍ። ሠፈሩ ጠባብ ነው፤ ዛሬ እምቢ ያለው አርታኢ የዛሬ ዓመት ሌላ ቤት ተቀምጦ ልታገኚው ትችያለሽ። ማታ በሞቅታ ላይ የተጻፈ መልስ ጠዋት አይጣፍጥም። ከዚያ ረቂቁ ለሰባት ቀን አይከፈት። በብስጭት የሚታረም ረቂቅ ጤነኛው ክፍሉ ነው የሚቆረጠው።

ብዕር የማይነሳው መጠበቁ ሁሉ በአንድ መጽሐፍ ላይ ስለሚንጠለጠል ነው። ረቂቁ ሲላክ በዚያው ሳምንት ሌላ ጀምሪ፤ የግድ ረጅም ልብ ወለድ መሆን የለበትም፣ 3,000 ቃል አጭር ልብ ወለድ ይበቃል። አጭሩ ለመጽሔት፣ ለሬዲዮ ትረካ፣ ለሥነ ጽሑፍ ምሽት ይሆናል፤ ታትሞ ወይም ተነቦ ከወጣ በሚቀጥለው ሸኚ ደብዳቤ ላይ አንድ መስመር ይሆንልሻል። ድሬ ላይ ከሆንሽ ሙቀቱ ሳይነሳ፣ ከንጋቱ 11 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት ያለውን ያዢ። ግቡ በገጽ ሳይሆን በሰዓት ይለካ፤ መጥፎ ቀን ላይ ገጽ አይመጣም፣ ሰዓት ግን ይሞላል።

ታዋቂ ሰዎች ስንት ጊዜ ተመልሰው በኋላ እንደከበሩ የሚነገረውን ወሬ ግን እንደ መድኃኒት አትውሰጂው። ተመልሰው የቀሩትን ማንም አይቆጥርም፤ ወሬው የእጅሽ ረቂቅ መታረም ይኑርበት አይኑርበት አይነግርሽም። እንቅልፍና ምግብ ከሁለት ሳምንት በላይ ከራቁሽ ደግሞ ነገሩ የጽሑፍ አይደለም፤ ሐኪም ጋር ሂጂ።

የለገሃር ልጅ (ድሬዳዋ)

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ፋይሉን ቴሌግራም ላይ ሞከርኩት፣ ዩኒኮድ ነው። የቀረኝ የግማሽ ወጪው ነገር ነው። ቀለምና ወረቀት፣ ይህ ወጥመድ ነው ወይስ ደህና ነገር? በራሴ ባሳትመውስ ይሻላል?

ቀለምና ወረቀት

ወጥመድም ደህናም ሊሆን ይችላል፤ የሚለየው ውሉ ነው። ገንዘብ ካወጣሽ አንቺም አሳታሚ ነሽና እንደ አሳታሚ ጠይቂ።

መጀመሪያ «ግማሹ» የስንቱ ግማሽ ነው? የማተሚያ ቤቱን ዋጋ ማቅረቢያ በወረቀት አሳዪኝ በይ፤ ከዚያ ያንኑ ዝርዝር ይዘሽ ከሌሎች ሁለት ማተሚያ ቤቶች ዋጋ ጠይቂ። ዝርዝሩ ካልተሟላ ዋጋው አይነጻጸርም፦ መጠን ኤ5፣ የገጽ ብዛት፣ የውስጥ ወረቀት ስንት ግራም (60፣ 70 ወይስ 80)፣ ሽፋን ስንት ግራም፣ ላሚኔሽን አለው የለውም፣ ጥረዛው በሙጫ ብቻ ነው ወይስ ተሰፍቶ፣ ስንት ቅጂ። «ግማሽ» ተብሎ የቀረበው ሙሉው የኅትመት ዋጋ ሆኖ ካገኘሽው መልሱን አወቅሽ።

ከዚያ ሂሳቡን ሥሪ። ለስሌት ያህል፣ 1,000 ቅጂ፣ አንዱን ለማተም 240 ብር፣ ማለትም 240,000 ብር፤ አርትዖት፣ ሌይአውት (የገጽ አቀማመጥ ሥራ) እና ሽፋን 40,000፤ ድምር 280,000። የሽፋን ዋጋው 500 ብር ሆኖ አከፋፋዩ 35 በመቶ ቢይዝ ከአንድ መጽሐፍ 325 ብር ይመጣል። ወጪው የሚመለሰው 862ኛው መጽሐፍ ሲሸጥ ነው፤ ትርፉ ያለው በቀሩት 138 ቅጂዎች ውስጥ ብቻ ነው። በእጅሽ ያሉትን እውነተኛ ቁጥሮች አስገቢና ያው ስሌት ይሠራል። አከፋፋይ ብዙውን ጊዜ የሚከፍለው ተሸጦ ሲያልቅ ስለሆነ ገንዘቡ ለወራት አይመለስም፤ በብድር አትግቢበት።

ውሉ ላይ የማይታለፉት እነዚህ ናቸው። ስንት ቅጂ እንደሚታተም በቁጥር ይጻፍ፣ ከማተሚያ ቤቱ የርክክብ ሰነድ ኮፒ እንደሚሰጥሽም። ስንቱ በእጅሽ እንደሚገባ፤ ግማሽ ከፍለሽ 50 ቅጂ ከተሰጠሽ ግማሹን አልገዛሽም። የሽያጭ ሂሳብ በየስንት ወሩ እንደሚቀርብልሽ። መብቱ ለስንት ዓመት እንደተሰጠና ለምን ያህል ኅትመት፤ «ለአንድ ኅትመት፣ ለሦስት ዓመት» የሚል ሐረግ ብዙ ጣጣ ያድናል። ትርጉም፣ ፊልም፣ የድምፅ ትረካና የኢንተርኔት ኅትመት በስም ተጠቅሰው ካልተሰጡ ከደራሲው ጋር እንደሚቀሩ ይጻፍ። የመጨረሻው ፕሩፍ (ከኅትመት በፊት ለእርማት የሚወጣው ቅጂ) ያለ ፊርማሽ ወደ ማተሚያ እንዳይገባ። ፕሩፉን በወረቀት አንብቢው፣ በስክሪን አይደለም፤ የተዘለለ ገጽ፣ ከመስመር መጀመሪያ ላይ የወደቀ አራት ነጥብና ከቦታው የሸሸ የምዕራፍ ርዕስ የሚታዩት ያኔ ነው።

በራስሽ ካሳተምሽ የመጽሐፉን መለያ ቁጥር፣ አይኤስቢኤን የሚባለውን ባለ 13 አሃዝ፣ ከብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት፣ በተለምዶ ወመዘክር ከሚባለው፣ ትጠይቂያለሽ። የኢትዮጵያ መጻሕፍት ላይ 978 ብሎ 99944 የሚለውን ታያለሽ። ሽፋኑ ከመሠራቱ በፊት ጠይቂው፣ ባርኮዱ የኋላ ሽፋን ላይ ቦታ ይፈልጋልና።

የእኔ ሐሳብ ግን ገና አታሳትሚ ነው። መጀመሪያ ወደ 95,000 ቃል አውርጂው፣ ፈረስ መጋላ ባለው መንገድ በአምስት ሰው አስነብቢው፣ «ረዝሟል» ላለውና ንግግሩ ከብዶታል ላለው ብቻ «በአስተያየትዎ መሠረት አርሜዋለሁ፣ አሁን 26 እጥፋት ነው» ብለሽ መልሰሽ ላኪ። ምክንያት ሰጥቶ የመለሰ አሳታሚ ሁለተኛ ሊያነብ ይችላል። ግማሽ ወጪ የጠየቀውን በጨዋነት «የማተሚያ ቤቱን ዝርዝር ዋጋ ሲልኩልኝ እንነጋገር» በይውና ተይው፤ የሚልከውን አይተሽ እዚህ አምጪው፣ መስመር በመስመር እናየዋለን።